በጎን እዪ

መብራት ሄደ ማታ፤ ከከዚራ እስከ መጋላ፣
የድሬ ሌሊት ወጣ፣ ከተደበቀበት ኋላ።
የካቲት ነው፤ ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይተፋል፣
ጣራ ላይ የተኛው ሁሉ በጠፍር አልጋ ይገላበጣል።

ጋሽ ኢብሳ ደረጃውን በዳበሳ ወጣ፣
ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ መነጽሩን ይዞ መጣ፤
ከታይዋን ተራ በርካሽ የገዛው አቅርቦ ማያ፣
አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ፤ የማን ወታደር እንደጣለው እንጃ፣ የለውም መለያ።
ሠላሳ ዓመት በለገሃሬ ምልክት ሰጪ ነበር፣
ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ የሚያወዛውዝ ለባቡር።
ስሙ በኦሮምኛ መብራት ማለት ነው፤ አሁን ግን
ሞራ ጋርዶታል ሁለቱንም የራሱን ዓይን።

«ትርሲት፣ ገውዝን አየሽ? መንትዮቹን፣ ከፍ ያሉትን?
አሰድንስ? አንበሳውን፣ ከኋላ የሚከተለውን?
በመሃላቸውስ?»
«ባዶ ነው ጋሼ፤ ምንም የለም።»
«አቦ! ባዶ አትበይ። ሸርጣን እዚያ ነው፤ ብዙም አያበራም።»

ሸርጣን!
እናቴ ስሜን ከስሟ ጋር ለደብተራ አስቆጥራ፣
«ሸርጣን ማይ» የተባልሁበትን ወረቀት በቀይ ቆዳ አሰፍታ፣ አንገቴ ላይ አሥራ፣
የውሃ ልጅ ብላ አሳደገችኝ፣ ወንዟ አሸዋ በሆነ ከተማ፣
ደቻቱ ተቆጥቶ ካልመጣ በቀር ውሃ ሲሄድ በማይሰማ።
ባሕርም ሸርጣንም አላውቅ። እሱ ግን ጅቡቲ አይቷል፤
ባቡሩ እስኪጫን ሲጠብቅ፣ ውሃው ሲሸሽ ከጉድጓዱ ወጥቷል።

«በጎን ነው የሚሄደው» አለኝ፣ «ፊት ለፊት አይመጣም፤
ኮከቡም እንደዚያው፤ ካፈጠጥሽበት አይወጣም።
ዓይንሽን ትንሽ አሽሺ፣ ሌላ የምታዪ ምሰዪ፤
ዓይን አፋር እንግዳ እንደገባ ሁሉ፣ በጎን እዪ።»

አሸሸሁ።
መጀመሪያ የሰው ትንፋሽ መሰለኝ መስተዋት ላይ፣
ቀጥሎ ከወፍጮ ቤት የተበተነ ዱቄት በጥቁር ሰማይ፤
ዓይኔን ስመልስበት ጠፋ፤ ስተወው መጣ፣
ድመት ሲጠሯት እንቢ ብላ፣ ሳይጠሯት ጭን ላይ እንደምትወጣ።
መነጽሩን ሳነሣ ግን
ዱቄቱ ተሰበረ፤ ኮከብ ሆነ እያንዳንዱ ቅንጣት፣
ወለል ላይ እንደፈሰሰች ስኳር፣ ጉንዳን ያላገኛት።

«የጥንቶቹ ግርግም ብለውታል፣ ድርቆሽ የሞላበት፤
አንድ አህያ በሰሜን፣ አንድ በደቡብ፣ አፋቸውን የሰደዱበት።
የሰሜኑ ነጣ ይላል፤ የደቡቡ ወደ ብርቱካን፤
ቀፊራ እንደምታያቸው ናቸው፣ እንጨት አራግፈው ሲያርፉ ጎን ለጎን።
ይህ ብርሃን ሲነሣ ጀጎል ሐረርን አላጠረም፤
ግንቡ ተሠራ፣ አምስቱ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እሱ ገና አልደረሰም።

አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ደቡብ ውረጂ፤ እዚያ ጭጋግ አለ።»
አየሁት መሰለኝ፤ እንደ ጣት አሻራ ያለ፣ የታጠበ ያህል የቀለለ።
«እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው፣ የፀሐያችን እኩያ፤
ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩ በአንድ ጉያ።
ኮከብ አብሮ ተወልዶ፣ ሲጎለምስ ነው የሚበተነው፤
እነዚህ እንቢ አሉ። ለምን እንደሆነ ማን ያውቀው?»

ዝም አልሁ። የማውቀው ግን አለ፤ ጠዋት ጠዋት በጣቢያው በር፣
ያለ ባቡር፣ ያለ ደወል የሚሰበሰብ ማኅበር፤
ሰባት ጡረተኛ በድንጋይ አግዳሚ፣ ኮፍያቸው ሳይወልቅ፣
የማይመጣ ባቡር ዘገየ ብለው ሲጨቃጨቁ፣ ጥላው እስኪያልቅ።

«አሁን ግርግሙን ቁጠሪልኝ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤
«እኔ አርባ አንድ ደርሼ ነበር፣ ዓይኔ እንዲህ ሳይሆን ተከልሎ።»

ቆጠርሁ ጮክ ብዬ፤ እሱ ጣቱን ያጥፋል።
አንዱን ሁለቴ ቆጠርሁት መሰለኝ፤ መሐሉ ይጠላለፋል።
አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፤ ክርኔ ግንቡን ተደግፎ ደነዘዘ፣
ሃያ ስድስት ስል፣
«መጣ!» ብሎ ሰፈሩ ጮኸ፤ የመንገድ መብራት ቢጫውን አፍስሶ ሰማዩን ያዘ።
ግርግሙም አህዮቹም፣ የሽማግሌዎቹም ማኅበር
ጠፉ፤ ቀረ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የማስታወቂያ ግርግር።

እሱ ጣቱን እንዳጠፈ «ከዚያስ?» ይላል፣ ፊቱን አቅንቶ ወደ ሰማይ።
አርባ አንድ ብዬ ልዋሽ ነበር። «መብራት መጣ፤ ሃያ ስድስት ላይ።»

ሳቀ፤ መነጽሩን ተቀብሎ በሽርጡ ጫፍ ወለወለ፤
«ይበቃል» አለኝ፣ «የቀረውን አህዮቹ ይብሉ። ሌሊቱ ገና አለ።»
ጉልበቱ ያመዋል፤ ደረጃውን በጎኑ ነው የሚወርደው፣
አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጁ ፋኖስ እንደያዘ ሰው።